ብርሃን ሳይደርስ የተሰናዳ ስፍራ

ሰው ሁሉ በዓይኑ የሚያይ ይመስለዋል። ይህ አነጋገር ለዕለት ኑሮ ይበቃል፤ ነገርን ጠለቅ ብሎ ለመመርመር ለሚሻ ወጣት ግን አይበቃም። ዓይን ብርሃንን ይቀበላል፤ የተቀበለውንም ወደ ውስጥ ይልካል፤ የሚያየው ግን አንጎል ነው። ከአንጎልም ቢሆን ለዚህ ሥራ ከሁሉ በፊት የተመደበው ክፍል እንደምንገምተው ከዓይን አጠገብ፣ ከግንባር በኩል አይደለም፤ በጭንቅላታችን ኋላ፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ ይገኛል። የዚህ ማስረጃ ከጦር ሜዳ ተገኘ። በ1904 እና በ1905 ጃፓንና ሩሲያ በተዋጉ ጊዜ (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጥይት ከጭንቅላታቸው ኋላ የመታቸው ወታደሮች፣ ዓይናቸው ደኅና ሆኖ ሳለ፣ ከሚያዩት ነገር ከፊሉ ጠፋባቸው። ታትሱጂ ኢኖዬ የተባለ ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም የእያንዳንዱን ቁስል ስፍራ እየለካ ከጠፋው እይታ ጋር ቢያስተያይ፣ በዓይን ፊት ጎረቤት የሆኑ ነገሮች በአንጎልም ላይ ጎረቤት ሆነው እንደ ካርታ እንደ ተቀመጡ ተረዳ፤ ጥናቱንም በ1909 አሳተመ።

እኔ ልጅ ሆኜ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር፣ የሳይንስ መምህራችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ትልቅ ዓይን ይሥሉ ነበር። ከዓይኑ ጀርባ አንድ መስመር ይወጣል፤ መስመሩም «አንጎል» ከሚለው ቃል ሲደርስ ያበቃል። የትምህርቱም ዳርቻ ያ ነበር። እኔም በተራዬ መምህር ሆኜ ከሠላሳ ዓመት በላይ ባዮሎጂ ሳስተምር ያንኑ ሥዕል በየዓመቱ ሣልሁት። አንድ ቀን ታዲያ ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ እጇን አነሣችና፣ «መምህር፣ ያ የኋላው ስፍራ ለማየት የተመደበ መሆኑን ማን ነገረው?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ይህ ጥያቄ በዚያን ጊዜ በታላላቅ የምርምር ቤቶች ውስጥ የሚጠየቅ ጥያቄ ነበርና። ዛሬ ለእናንተ የምጽፈው ከዚያ ወዲህ ስለ ተገኘው መልስ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በጨለማ ነው። ፅንስ በእናቱ ማኅፀን አራተኛ ሳምንቱን ሳይጨርስ፣ ገና ከስንዴ ቅንጣት ሳይበልጥ፣ ከሚያድገው አንጎል ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች ብቅ ይላሉ። እነዚህ ከረጢቶች ወደ ቆዳው እየተጠጉ ሄደው ወደ ውስጥ ይጎደጉዱና እንደ ሲኒ ይሆናሉ። ሌንሱ ከቆዳው ይሠራል፤ ብርሃን የሚቀበለው የውስጥ ግድግዳ፣ ሬቲና የሚባለው፣ ከዚያ ሲኒ ይሠራል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዓይን ቤት ከተሠራ በኋላ እንደሚገጠም መስኮት ከውጭ መጥቶ አልተገጠመም። ከራሱ ከአንጎሉ ነው የወጣው።

ይህን የሚያሠራው ምንድን ነው? በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ ፕሮቲን የሚያሠሩ ወደ 20,000 የሚጠጉ ትእዛዞች ተጽፈዋል፤ እነዚህን ሊቃውንት ዘረ መል ወይም ጂን ይሏቸዋል። መጽሐፉ በሕዋስ ሁሉ ዘንድ አንድ ነው። የጉበትን ሕዋስ ከዓይን ሕዋስ የሚለየው የተከፈተው ገጽ ነው። ከነዚህ ዘረ መሎች መካከል አንዱ፣ ፓክስ 6 የሚባለው፣ ሌሎችን ብዙ ገጾች የሚከፍት አዛዥ ነው። በ1994 በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ዋልተር ጌሪንግና ጓደኞቹ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ሲመራመሩ፣ ሲበላሽ ዝንቢቱን ያለ ዓይን የሚያስቀራት ዘረ መል፣ በአይጥ ሲበላሽ ዓይንን ከሚያሳንሰው፣ በሰውም ሲበላሽ በብሌን ዙሪያ ያለውን ቀለማም ቀለበት ከሚያጠፋው ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ አገኙት። በተከታዩ ዓመት ይህንኑ ዘረ መል በዝንቢቱ እግርና ክንፍ ላይ ቢያሠሩት በእግሯና በክንፏ ላይ ዓይን በቀለ። የአይጡን ዘረ መል ወስደው በዝንቢቱ ላይ ቢያሠሩትም ዓይን በቀለ፤ የበቀለው ግን የዝንብ ዓይን ነበር እንጂ የአይጥ አልነበረም። እኔ ይህን ዜና በመጽሔት ባነበብሁ ጊዜ ከወንበሬ ተነሥቼ በክፍሌ ውስጥ እንደ ተመላለስሁ አስታውሳለሁ። ዝንብን በእጃችን የምናባርራት እኛ፣ ከእርሷ ጋር የዚህን ያህል ዝምድና አለን።

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ እንመለስ። የአንጎል ቅርፊት በመጀመሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ የሚመስል ስስ ሽፋን ነው። በዚያ ሽፋን ላይ ያለ አንድ ሕዋስ፣ ከፊት ይሁን ከኋላ፣ ለእጅ እንቅስቃሴ ይሁን ለማየት፣ በምን ያውቃል? በምሳሌ ላስረዳችሁ። በአንድ መንደር ጫፍና ጫፍ ሁለት ቤቶች አሉ እንበል። በአንደኛው ቡና ይቆላል፤ በሌላው ዕጣን ይጤሳል። ዓይኑ በጨርቅ የታሰረ ሰው በመንደሩ መካከል ቢቆም፣ የቡናው ሽታ በርትቶ የዕጣኑ ከሳሳበት በቡናው ቤት አጠገብ መሆኑን፣ ዕጣኑ ካየለበትም ወደዚያ መቅረቡን ሳያይ ይረዳል። ሕዋሳትም የሚያደርጉት እንዲሁ ነው። ከአንጎሉ የፊት ጫፍ ኤፍ ጂ ኤፍ 8 የሚባል ፕሮቲን ይመነጫል፤ ከምንጩ በራቀ መጠን እየሳሳ ይሄዳል። በቅርፊቱ ሕዋሳት ውስጥ ደግሞ ያ ቀድሞ የጠቀስሁት ፓክስ 6 ከፊት ይበዛል፣ ወደ ኋላ ያንሳል፤ ኢ ኤም ኤክስ 2 የሚባለው ሌላ ዘረ መል ግን በተቃራኒው ከኋላ በዝቶ ከፊት ያንሳል። የሕዋሱ ስፍራ የሚታወቀው በዚህ ብዛትና ማነስ ነው።

ይህ በግምት ብቻ የተነገረ አይደለም። በ2000 በካሊፎርኒያ በሶልክ የምርምር ተቋም ዴኒስ ኦሊሪና ባልደረቦቹ ኢ ኤም ኤክስ 2 የሌላቸውን የአይጥ ፅንሶች መረመሩ። ከኋላ ያለው የእይታ ክፍል ጠብቦ፣ የፊተኞቹ ክፍሎች ደግሞ ወደ ኋላ ገፍተው ተገኙ። ፓክስ 6 በተበላሸባቸው ዘንድ ነገሩ ተገለበጠ፤ የፊቱ ጠበበ፣ የኋላው ሰፋ። እነዚህ ግልገሎች እንደ ተወለዱ ስለሚሞቱ ለውጡ የታወቀው ከነርቮቹ አሰላለፍና ከሕዋሳቱ ምልክት ነው። በ2001 ደግሞ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ኤሊዛቤት ግሮቭና ባልደረባዋ በአይጥ ፅንስ አንጎል የኋላ ጫፍ ላይ ሁለተኛ የኤፍ ጂ ኤፍ 8 ምንጭ ቢጨምሩ፣ አይጢቱ የጢሟን ስሜት የምትቀበልበት ካርታ በከፊል ተደግሞ ታየ። በመንደሩ ማዶ ሁለተኛ ቡና ተቆላና ዓይኑ የታሰረው ሰው ሁለተኛ ቤት አገኘ ማለት ነው። ሰውም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም፤ ኤን አር 2 ኤፍ 1 የተባለው፣ ለእነዚሁ ክፍሎች ድልድል የሚሠራ ዘረ መል የተበላሸባቸው ልጆች የእይታ ነርቫቸው እንደሚሳሳና አንጎላቸው የዓይንን መልእክት ለመረዳት እንደሚቸገር በ2014 ታውቋል። እንደነዚህ ያሉ ልጆች በክፍል ውስጥ «እያየ የማያይ፣ ሰነፍ» እየተባሉ ሲቀጡ መኖራቸውን ሳስብ ያሳዝነኛል።

ስፍራው ከተለየ በኋላ መንገድ መዘርጋት አለበት። ከእያንዳንዱ ዓይን አንድ ሚሊዮን ያህል የነርቭ ክሮች ይወጣሉ፤ ሁሉም አድራሻ አላቸው። ሮጀር ስፔሪ የተባለ አሜሪካዊ በ1940ዎቹ የእንቁራሪትን የዓይን ነርቭ ቆርጦ ዓይኑን ወደ ላይ ወደ ታች ገለበጠው። የእንቁራሪት ነርቭ ተመልሶ ያድጋልና አደገ፤ ነገር ግን ክሮቹ ወደ ጥንት አድራሻቸው ተመለሱ። ስለዚህ ዝንብ በላይ በኩል ስትመጣ እንቁራሪቷ ወደ ታች ትዘላለች። አልተማረችም፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ትስታለች። ስፔሪ ከዚህ ተነሥቶ እያንዳንዱ ክር የኬሚካል ምልክት እንደሚከተል ተናገረ፤ ኤፍሪን የሚባሉት ምልክቶች መንገድ መሪ መሆናቸው በ1995 ታወቀ። የቆዳና የጠጉር ቀለም በማነሱ አልቢኖ የምንላቸው ወገኖቻችንም የቀለሙ ዘረ መል ጉድለት እዚህ ድረስ ይከተላቸዋል፤ በዚያው ወገን መቅረት የነበረባቸው ብዙ ክሮች ወደ ማዶ ይሻገራሉ፤ የሬቲናቸውም መካከል በሚገባ አይሠራም። መነጽር ብቻውን የማይበቃቸው ስለዚህ ነው። ከመካከላችሁ መምህር የሚሆን ቢኖር፣ እንዲህ ያለውን ልጅ ከፊት ወንበር፣ ከፀሐይ ፊቱን አዙሮ ያስቀምጠው።

ከዚህም በላይ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በ1991 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ፌሬት በምትባል ትንሽ አውሬ ግልገል ዓይን ውስጥ፣ ብርሃን ገና ማየት ሳይጀምር፣ የኤሌክትሪክ ማዕበል ከሕዋስ ወደ ሕዋስ እየተነሣ ሲሄድ ታየ። መዘምራን ለበዓሉ በዋዜማው ከበሮ እንደሚሞክሩ ሁሉ ዓይንም በጨለማ ይለማመዳል፤ በልምምዱም መንገዱ ይስተካከላል።

እስከዚህ ድረስ የዘረ መል ሥራ ነው ብንል ስሕተት የለበትም። ከዚህ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ዴቪድ ሂውቤልና ቶርስተን ቪዝል በ1963 በሃርቫርድ እንዳስታወቁት፣ የአንዲት ግልገል ድመት አንድ ዓይን ለጥቂት ወራት ተሰፍቶ ቢቆይና ከዚያ ቢከፈት፣ ዓይኑ ራሱ ደኅና ነው፤ በአንጎሏ የእይታ ክፍል ያሉት ሕዋሳት ግን ለዚያ ዓይን አይመልሱም። ስፍራውን ሌላው ዓይን ወስዶታል። በጎልማሳ ድመት ላይ ያው ነገር ቢደረግ ምንም አይጎዳትም። ጊዜ አለው ማለት ነው፤ ያ ጊዜ ካለፈ በሩ ይዘጋል። ሁለቱ ሰዎች በ1981 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ የሽልማቱንም ሌላ ግማሽ የተቀበለው ያ የእንቁራሪቱ ሰው ስፔሪ መሆኑ ደስ ይለኛል፣ ምንም እንኳ እርሱ የተሸለመው በሁለቱ የአንጎል ግማሾች ላይ ስለ ሠራው ሌላ ሥራ ቢሆን።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ይህን ሁሉ የጻፍሁላችሁ ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ወጣት እናት ወደ ሰፈራችን ተዛወረች። ልጇ አምስት ዓመት አልፎት ነበር። በሁለቱም ብሌኖቹ ላይ እንደ እርጎ የነጣ ነገር ይታያል፤ የዓይን ሞራ ይዞ ተወልዶ ነበር። አራስ ሳለች አይታው ኖሯል። አማቷ «እርጉዝ ሆነሽ በቀትር ወጥተሽ ምች መቶሽ ነው» አለቻት፤ ጎረቤት ደግሞ ከዚያ የባሰ፣ ለመጻፍ የሚያሳፍር ነገር ተናገረ። እርሷ ግን ልጇን አዝላ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄደች። በዚያ የተቀበላት ሰው «ሕፃን ነው፣ ዓይኑ አይነካም፤ አምስት ዓመት ሲሞላው አምጪው» ብሎ መለሳት። እርሷም የታዘዘችውን ሰው በታማኝነት ሰምታ አምስት ዓመት ቆጠረች።

በኋላ ልጁ በአንድ ሆስፒታል ታከመ። ሐኪሙ ሥራውን ንጹሕ አድርጎ ሠራ፤ ነጩ ነገር ተወገደ፣ ሰው ሠራሽ ሌንስ ገባ። ጨርቁ በተፈታ በሳምንቱ እናቲቱ ወደ ቤቴ መጣች። ከበሩ ሳትገባ ቆማ፣ «ጋሼ፣ ዓይኑ እኮ ጠርቷል። እኔን ግን አሁንም በድምፄ ነው የሚለየኝ» አለችኝ።

ምን ልበላት? እንዲህ ያለ ሞራ በሕፃኑ በሁለቱም ዓይኖች ላይ ከሆነ ከሞላ ጎደል በስምንት ሳምንት ውስጥ፣ በአንድ ዓይን ከሆነ በስድስት ሳምንት ውስጥ ሊነሣ ይገባዋል። ዘረ መሎቹ ቤቱን ሠርተው፣ ስፍራውን ለይተው፣ መንገዱን ዘርግተው ነበር። ከሰው የሚጠበቀው ያቺ ሁለት ወር ብቻ ነበረች።

«ግቢና ተቀመጪ፣ ልጄ» አልኋት። ተቀመጠችና የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ልጁ አልነበረም። «ከእኔ ነው ወይ?» አለች። አምስት ዓመት ሙሉ በሆዷ የያዘችው ይህንን ነበር። እኔም የማውቀውን ነገርኋት። አንዳንዱ ሞራ ከወላጆች በሚወርድ ወይም በፅንሱ በራሱ በአዲስ በሚነሣ የዘረ መል ለውጥ ይመጣል፤ አንዳንዱ እናት በእርግዝናዋ መጀመሪያ ወራት ሩቤላ የሚባል ሽፍታ ያለው በሽታ ሲይዛት ይመጣል፤ የብዙ ልጆች ምክንያት ግን ተፈልጎም አይገኝም። ጸሐፊ ብራና ሲገለብጥ አንዲት ፊደል እንደሚስት፣ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደል ሲገለበጥ አንዲቱ ልትዛባ ትችላለች፤ ይህም ከእናት ጠባይ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በቀትር ፀሐይ መውጣትም የዓይን ሞራ አያመጣም። ይህች ሴት ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ስለ ነበረች፣ በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 9 ስለ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርት ይኸንኑ ጥያቄ እንደ ጠየቁ፣ የተሰጣቸውም መልስ ወላጆቹን ከበደል ነጻ እንዳደረገ አስታወስኋት። ይህን ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ሲነበብ ሰምታዋለች፤ ነገር ግን ስለ እርሷ የተነገረ ሆኖ የነገራት ሰው አልነበረም።

ዘግይቶ መታከም ከንቱ ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ፓዋን ሲንሃ የተባለ ሊቅ በሕንድ አገር፣ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ወዲህ፣ ከሞራ ጋር ተወልደው በልጅነትና በጉርምስና የታከሙ ብዙ ልጆችን ሲከታተል፣ ጥርት ያለ እይታ ባያገኙም ቀስ በቀስ ነገርን ከነገር መለየት እንደሚማሩ አሳይቷል። የጎረቤቴም ልጅ ከዓመት በኋላ በሩን፣ የእናቱን ነጠላ፣ ቢጫውን ጀሪካን በዓይኑ ይለያል፤ በጉድጓድ አጠገብ ሲያልፍም ይጠነቀቃል። የመጽሐፍ ፊደል ግን ለእርሱ እስከ ዛሬ ጭጋግ ነው። የሚያነበው በጣቱ፣ በብሬል ነው። ሕፃናት ሆነው በታወሩ ሰዎች ዘንድ ጣት ብሬልን ሲያነብ ያ ከማጅራት በላይ ያለው የእይታ ክፍል እንደሚሠራ በ1996 በአሜሪካ የተደረገ ጥናት አሳይቷል፤ ዘረ መል የመደበለትን ሥራ ያጣ ስፍራ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። በዚህ ልጅ አንጎል ውስጥ ሁለቱ ሥራዎች ስፍራውን እንዴት እንደ ተካፈሉት ባያቸው እንዴት ደስ ባለኝ!

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በሕፃን ብሌን ላይ የሚታይ ነጭ ነገር ሞራ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ሬቲኖብላስቶማ የሚባል የዓይን ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ይህም ከቆየ ይገድላል። ስለዚህ በታናሽ ወንድማችሁ ወይም በእኅታችሁ ዓይን ይህን ብታዩ፣ «ሲያድግ ይጠፋል» የሚላችሁን ሰው አትስሙ፤ በዚያው ሳምንት ወደ ዓይን ሐኪም ይወሰድ። አንዱ ሐኪም «ቆይ» ካላችሁ ወደ ሁለተኛው ሂዱ።

ያች እናት ባለፈው ዓመት ሴት ልጅ ወለደች። በአንድ ቤት አንድ ልጅ ሞራ ይዞ ከተወለደ ተከታዩ ልጅ በቶሎ መታየት እንዳለበት ሐኪሙ ነግሯት ነበር። አማቷ «አራስ ከቤት አትወጣም» ብትልም በአሥረኛው ቀን ሕፃኗን ታቅፋ ወጣች፤ እኔና ልጁ ተከተልናት። ሐኪሙ ክፍሉን አጨልሞ በትንሽ መብራት ወደ ሕፃኗ ብሌን ተመለከተ፤ በቀኝም በግራም ብርቱካን የመሰለ ጤነኛ ነጸብራቅ ተመለሰ። ልጁ እጄን ይዞ፣ «ጋሼ፣ ምን መልክ አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። እንደ ፍም ነው አልሁት።